ጀርባው ለሕዝብ የዞረ ከተማ

ጥርስ ሠሪው ሞኝነቱን ለሰው ሲያወራ አይሰስትም። «ሰው ሲስቅብኝ ካየሁ ቀድሜ መሳቅ ነው፤ ያለዚያ ተራ አይደርሰኝም» ይላል። የትርኢቱን ታሪክ ግን ሲያወራ መሳቁን መሃል ላይ ያቆማል።

ቀን ቀን ድዳቸው ብቻ ለቀረ ሰዎች ጥርስ ይሠራል። ከሥራ ሲመለስ በተረፈው የጥርስ ጄሶ ተራራ እየጠፈጠፈ፣ በተራራው ሥር ትንሽ ከተማ ገንብቶ፣ ክንድ የማታህል ባቡር ጠረጴዛ ላይ ያስኬዳል። ለዚህች ባቡር የቤቱን ትርፍ ክፍል ከነመስኮቱ ይዟል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን የዘረጋችው ኮሪደሩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ክፍሉን ጠየቀችው። «ሕዝብ ፊት አቀርበዋለሁ፤ ሰው ካልወደደው ክፍሉ ያንቺ ነው» አላት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል።

«ከወደደውስ?»

«ከወደደውማ አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

«መቀመጫ ከተገኘ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

የትርኢቱ ቀን ጠረጴዛውን አራት ጎረምሶች እያቃሰቱ ተሸክመው የሰፈሩ አዳራሽ ግድግዳ አጠገብ አስቀመጡለት። በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል የቀረው ቦታ አንድ ወንበርና የአንድ ሰው ሆድ በጭንቅ የሚይዝ ነበር። ጥርስ ሠሪው ከረባቱን አስተካክሎ እንደ ልማዱ የባቡሯ ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት በኩል ተቀመጠ።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ግድግዳ ተደግፎ ስለኖረ፣ ቀለም የተቀባው እሱ የሚያየው ወገን ብቻ ነው። በእሱ በኩል ቤቶቹ ሰገነት አላቸው፤ መስኮቶቹ መጋረጃ አላቸው። በወዲያኛው በኩል ግን ከተማው ያው የሳሙና ካርቶን ነው። አሁን ካርቶኑ ለሕዝብ ዞሯል።

ሰው ተሰበሰበ፤ ሳቀም። ጥርስ ሠሪው ደስ ብሏቸው መስሎት ፊሽካውን ነፍቶ እጅ ነሳ። ሳቁ ጨመረ። እሱም ደግሞ እጅ ነሳ።

«ልጄ፣» አሉት አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ፣ «ይሄ ሁሉ ሕዝብ የሚኖረው ሳሙና ውስጥ ነው?»

በተራራው ላይ አንገቱን አስግጎ አየ። ክው አለ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጥርስ ከፊትም ከኋላም እያገላበጠ የሠራ ሰው፣ ከተማን የሚያህል ነገር ማገላበጥ ረስቷል!

ጠረጴዛው እንዳይዞር ጎረምሶቹ ሄደዋል። «በዚህ በኩል ኑ! ዋናው እዚህ ነው!» ብሎ ተጣራ። ሰዎቹ በጠባቧ ቀዳዳ በጎናቸው እየተሽሎከለኩ ገቡ። ያየ ሁሉ አፉን ያዘ፤ «እጅህን ይባርከው!» ያለውም ብዙ ነው። ሚስቱ የመጣችው ይሄኔ ነው። በካርቶኑ በኩል ቆማ፣ እጇን አጣጥፋ ታያለች። ክፍሉን አተረፍኩ ብሎ በሆዱ ፈነጠዘ።

ፈንጠዝያው ግን አልቆየም። አንድ ሰው ባለፈ ቁጥር ተነስቶ፣ ወንበሩን አንስቶ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አንዴ ልለፍ።» ይነሳል። የሰው ክርን ባቡሯን ከሐዲድ ያወጣታል። መልሶ ሐዲዷ ላይ አስቀምጧት ሳይቀመጥ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ...» ደግሞ ይነሳል። በመጨረሻ ደሙ ፈላ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! መተላለፊያ ላይ ተቀምጦ ሰው እንዴት ሥራ ይሠራል?» ብሎ ጮኸ።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ዓይኑ ከሚስቱ ዓይን ጋር ገጠመ። አልሳቀችም። አንዱ የሳሙና ካርቶን በሩን ከፍቶ ቢያስገባው በወደደ።

ዞራ መጣች። ሆዱን ስቦ አሳለፋት። ድልድዩን፣ ሰገነቶቹን፣ መጋረጃዎቹን አንድ በአንድ አየች።

«ያምራል» አለች። «ሰዉም ወዶታል። ቃል ቃል ነው፤ ክፍሉ ያንተ ነው።»

አፈረ። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ወንበሩን ወደ እሷ ገፋላትና ተቀመጠች።

«እንዲህ እየተነሳሽ እየተቀመጥሽ ስንት ዓመት ሰፋሽ?»

«መች ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት?» አለች። «አንተ ወደ ባቡርህ ባለፍክ ቁጥር ስነሳ አይደል የኖርኩት?»

ከጎናቸው አንድ ሰውዬ፣ «ይቅርታ፣ ማለፍ ይቻላል?» አለ። ሚስቱ ጨርቅ እንደምትሰበስብ ሁሉ እጇን ወደ ጭኗ ሰብስባ ብድግ ልትል ስትል፣ ትከሻዋን ያዛት።

«አትነሺ» አላት። ወደ ሰውዬውም ዞሮ፣ «በዚህ አይታለፍም ጌታዬ፤ ሰው ተቀምጧል» አለው።