ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መኪና

የዚያን ቀን ጊንጪ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን። የጭነት መኪናው ባለቤትም ሹፌርም የሆነው ኦቦ ቶለሳ፣ ረዳቱ ገመቹ፣ ባለሱቁ ጋሽ ከድር፣ ምግብ ቤት ያላት አዴ ጫልቱ፣ እና ከከድር ሱቅ ጎን ሞባይል እጠግን የነበርኩት እኔ። ሌላ ሰው አላየሁም፤ ዝናቡ ሁሉን ቤቱ አስገብቶት ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ትናንት አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ረዳት ከቆመ መኪና ጎማ ሥር ድንጋይ ወሸቀና በእግሩ መታ መታ አድርጎ ሄደ። እሱ ሄዶ እኔ ድንጋዩን ሳይ ቀረሁ።

ነሐሴ ነበር። ቶለሳ ከባኮ በቆሎ ጭኖ መጥቶ መኪናውን ከሱቆቹ በላይ ዳገቱ ላይ አቆመ። የእጅ ፍሬኑ ላላ ያለ ስለነበር ገመቹ ጎማውን በድንጋይ አስደገፈው። በእኛ መንገድ ሹፌር ሁሉ ከፍሬን ይልቅ ድንጋይ ያምናል። የነሐሴን ጭቃ ግን ማን ያምናል?

ከድር ቶለሳን ለምሳ ጠራው። በሱቁ በረንዳ ላይ፣ ከአዴ ጫልቱ ቤት በመጣ ትሪ ሽሮ ይበሉ ጀመር። ከድር ሙስሊም፣ ቶለሳ ጴንጤ ስለሆኑ አብረው ሲበሉ ሁልጊዜ ሽሮ ነው። “ሽሮ ሃይማኖት የለውም” ይላል ከድር።

ገና ሳይጠግቡ ገመቹ “ቁም! ቁም!” እያለ ሲጮህ ሰማን።

“ማንን ነው ቁም የምትለው? ውስጡ ሰው የለም እኮ!” አለችው አዴ ጫልቱ ከበሯ ላይ።

ድንጋዩ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ መኪናው ወደ እኛ እየወረደ ነበር። ቶለሳ ዘለለ። ከድር ግን ሲነሳ ቀኝ እግሩ በመኪናውና በግድግዳው መሀል ተያዘ። ሐኪሞቹ እግሩ በቀዶ ሕክምና ካልተስተካከለ ዳግም እንደማይረግጥበት ነገሩት።

ኢንሹራንሱ አልከፍልም አለ። ለካ የቶለሳ መንጃ ፈቃድ ጊዜው አልፎበታል፤ ውሉ ደግሞ ባልታደሰ ፈቃድ ለደረሰ አደጋ ኃላፊነት የለብኝም ይላል። ቶለሳ ከመኪናው ሌላ ንብረት የለውም። ስለዚህ ወይ የከድር እግር ወይ የቶለሳ መኪና ሆነ።

“ሽጠውና ታከም” አለው ቶለሳ።

“ሸጬው ምን ላይ ተቀምጠህ ልትጠይቀኝ ትመጣለህ?” አለው ከድር።

ከድር ቶለሳንና ኢንሹራንሱን አንድ ላይ ከሰሰ። አምቦ የሄድነው በጥቅምት ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ቢጫ መምታት ጀምሮ ነበር። ችሎቱ በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው እኔ እንደማስታውሰው ነው።

ዳኛው “ከሳሽ ይነሱ” ሲሉ ሁለት ሰው ተነሳ።

“ከሳሽ ብቻ!”

“ክቡር ዳኛ፣ ተከሳሹ ካልደገፈኝ መቆም አልችልም” አለ ከድር።

የኢንሹራንሱ ጠበቃ ይህችን አላለፋትም። “ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ መኪና ነው የመጡት። ተመሳጥረዋል።”

“ታዲያ መንገዳችን አንድ ነው፣ በሁለት መኪና እንምጣ?” አለ ከድር።

ምስክር ሆኜ ስቀርብ ጠበቃው አብረው ሲበሉ አይቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። የምመልሰው ቃል ከድርን እንደሚጎዳው ገባኝ። ግን አይቻለሁ። “ከአንድ ትሪ ነው የበሉት” አልኩ። ጠበቃው ረክቶ ተቀመጠ።

ዳኛው ግን አለቀቁኝም። “መኪናው ሲንቀሳቀስ ቶለሳ የት ነበር?”

“ትሪው ላይ። ጣቱ ላይ ሽሮ ነበር።”

ዳኛው ወደ ጠበቃው ዞሩ። “ፈቃዱ ታድሶ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩ አይንሸራተትም ነበር?”

ጠበቃው “ውል ለተዋዋሉት ሕግ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት” አለ። እውነቱን ለመናገር እሱም ሞኝ አልነበረም፤ ውሉ እንደዚያ ይላል።

በሌላ ቀጠሮ ፍርዱ ተነበበ። ዳኛው ሰበር ሰሚ ችሎት በሌላ ሰው ጉዳይ የሰጠውን፣ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ የሚያስገድደውን ትርጉም ጠቀሱ፦ ኢንሹራንሱ ከኃላፊነት ነፃ ለመሆን የውሉ መጣስ ለአደጋው ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለበት። እዚህ የሚነዳ ሰው ስላልነበረ ፈቃዱ ለአደጋው ምክንያት አይደለም። ኢንሹራንሱ ለከድር ይክፈል፤ ከቶለሳም መልሶ አይጠይቅ።

ቶለሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከድር ግን ወደ ጊንጪ ስንመለስ ሌላ ነገር ያብሰለስል ነበር።

“ያ በሰበር የተከራከረው ሰውዬ ማነው?”

“ምን ያደርግልሃል?” አለው ቶለሳ።

“ስሙን ባውቀው በዱዓዬ አነሳው ነበር።”

ከዚያ ወዲህ የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ባገኘሁ ቁጥር አገላብጣለሁ። የሚመስሉ አገኛለሁ፤ ዳኛው የጠቀሱት የትኛው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ይገርመኛል። የማናውቀው ሰው፣ በማናውቀው ከተማ፣ ምናልባት ስለራሱ ብቻ እያሰበ እስከ መጨረሻው ችሎት ተሟገተ። ጊንጪ የምትባል ከተማ መኖሯንም ላያውቅ ይችላል። ከድር ግን ዛሬ ትንሽ እያነከሰ በሁለት እግሩ ይሄዳል፤ ቶለሳም እየነዳ ሊጠይቀው ይመጣል።

ገመቹ፣ አዴ ጫልቱ፣ ያጎደልኩት ካለ ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትንም አርሙ። ፍርዱ ሲነበብ ችሎት የነበራችሁም፣ ዳኛው የዚያን ሰው ስም ጠርተው ከሆነ ንገሩኝ። ከድር አሁንም በተገናኘን ቁጥር “አገኘኸው?” ይለኛል።