እስከ ሽንኩርት ዳሱ ድረስ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መካከል በየዓመቱ በሚካሄደው የብስክሌት ውድድር ታሪክ ውስጥ እኔ ያለኝ ድርሻ አንዲት ደንብ ናት። አንድም ቀን አሸንፌ አላውቅም።

ውድድሩ ከአዳማ ተነስቶ በሞጆና በመቂ አድርጎ ባቱ ያድራል፤ ከዚያ በየከተማው እያደረ ሻሸመኔ ይገባል። እኔ ስጀምር የመጨረሻው መስመር በኖራ ይሰመር ነበር። ከእኛ በፊት ጋሪ ካለፈበት ዳኞቹ መስመሩን በግምት ያስቡታል። አንድ ዓመት የመሪው ቢጫ ማልያ ስላልደረሰ ከእግር ኳስ ቡድን ተውሰው የበረኛ አለበሱት። ሌላ ዓመት አንዲት ባጃጅ ከነተሳፋሪዎቿ መሃላችን ገብታ እስከ ከተማው ድረስ አብራን መጣች፤ ሕዝቡ ከሁላችንም አብልጦ ያጨበጨበው ለእሷ ነው። መንገዱ ለማንም አስተማማኝ ያልነበረበት ጊዜም ነበር። ያኔ ውድድሩ ቀረ፤ እኛም አዳማ ውስጥ ከነፋሱ ጋር ስንታገል ከረምን። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው ብስክሌት መንዳት ቀላል ይመስለዋል።

አባቴ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚጭን ሹፌር ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ መሪውን ለእኔ ሊያስረክብ ፈለገ። "ሞተር ተሠርቶ እያለ ሰው በጉልበቱ ሻሸመኔ አይሄድም" ይለኛል። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ተስማማን። በዚያ ዓመት ከውድድሩ ቀናት አንዱን እንኳ ካሸነፍኩ አንድ ክለብ ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶልኝ ስለነበር አባቴ የመኪናውን ነገር ሁለተኛ አያነሳብኝም። ካላሸነፍኩ ግን ብስክሌቴን ሰቅዬ መሪ እጨብጣለሁ። እኔ ከዚያች ብስክሌት አብልጬ የምወደው ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። እናቴም ይህንን ታውቃለች፤ አልተቀየመችኝም።

በመጀመሪያው ቀን፣ መቂን እንዳለፍን፣ ብቻዬን አመለጥኩ። ነፋሱ ከኋላዬ ነው። ዘወር ስል ማንም አይታየኝም። አባቴ ባቱ መስመሩ ጋ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ሲያየኝ ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ቀብር መጣ።

ከመንደር የወጡ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ወደ መቃብሩ ለመሻገር አስፋልቱን እያቋረጡ ነበር። ማለፍ ይቻላል፤ በግራ በኩል ለአንድ ብስክሌት የሚበቃ ቦታ አለ። ግን አስከሬን እያለፈ ተቀምጦ የሚነዳን ሰው አሳዳጊ የበደለው ይሉታል። ወረድኩ። ሄልሜቴን አውልቄ ቆምኩ፤ ጥቂትም ሸኘሁ። የብስክሌት ጫማ ለእግረኛ ስላልተሠራ አስፋልቱ ላይ እንደ ፍየል ተንኳኳሁ።

ሸኚው ብዙ ነበር፤ ሟቹ የተወደደ ሰው ሳይሆን አይቀርም። የሚያሳድዱኝ ልጆች ደረሱ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ እነሱም አንድ በአንድ ወረዱ። የዳኛው ፒካፕ ቆመ። ዳኛው የስፖርት መምህር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አውጥተው ወረዱ። ቀብሩ አለፈ። አሁን ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ቀድሞ ኮርቻ ላይ የሚወጣ ሰው ነውረኛ መባሉ ነው። ስለዚህ ማንም አልወጣም። ብስክሌታችንን ይዘን ተያየን።

ከሸኚዎቹ ወደ ኋላ የቀሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኛ መጡ።

"አካም ጅርቱ፣ ልጆቼ? አላህ ይስጥልን። አሁን ምን ትጠብቃላችሁ?"

ዳኛው ነገሩን አስረዷቸው፤ ውድድር መሆኑን፣ ደንቡም ስለ ቀብር ምንም እንደማይል ነገሯቸው።

"ሞት የማያውቅ ደንብ ነው በሉኛ" አሉ ሽማግሌው። "ፊት የነበረው ማነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ጠቆሙ። ይህን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳሁላቸውም።

"ምን ያህል ቀድሟችሁ ነበር?"

እዚህ ላይ ጨዋነቱ ትንሽ ላላ። እነሱ እስከዚያች ግራር ድረስ ነው አሉ። እኔ እስከ ወዲያኛው ድልድይ አልኩ። ሽማግሌው ሁለታችንንም ሰምተው በመሃል ወዳለው የሽንኩርት ሻጮች ዳስ በከዘራቸው ጠቆሙ።

"እሱ ዳሱ ጋ እስኪደርስ ማንም እንዳይነሳ። ተስማማችሁ?"

ተስማማን። ዳኛው ለወጉ ያህል ፊሽካ ነፉ።

እግሬ ግን አልተስማማም፤ ቆሞ ደርቆ ነበር። የእነሱም ደርቋል፤ ነገር ግን ነፋሱ ዞሮ ከፊታችን ይመጣ ነበር፤ እነሱ ብዙ ስለሆኑ እየተፈራረቁ ተካፈሉት። ባቱ መግቢያ ላይ ያዙኝ። አራተኛ ወጣሁ።

አባቴ መስመሩ ጋ ቆሟል። ወሬው በስልክ ቀድሞኝ ደርሷል።

"የማን ቀብር ነበር?" አለኝ።

"አላወቅኩም።"

"ሳታውቀው ወረድክ?"

"አዎ።"

"ደግ አድርገሃል" አለ።

ውላችንን ግን አልሻረም፤ እኔም ሻርልኝ አላልኩትም። በቀሩት ቀናትም አልቀናኝ። ሻሸመኔ ላይ ብስክሌቴን ራሱ ብድግ አድርጎ መኪናው ላይ ጫናት፤ እንዳትፋቅ በብርድ ልብስ ጠቀለላት። እስከ አዳማ ድረስ አለቀስኩ። እሱ በደከመ ዓይኑ መንገዱን ያያል።

በዓመቱ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ዳኛው ተነስተው አዲስ ደንብ ተናገሩ፦ ቀብር ካጋጠመ ሁሉም ይወርዳል፤ ሲነሱ የነበረው ርቀት ይጠበቃል። ተወዳዳሪዎቹ ከደንቡ ሁሉ በቃላቸው የሚያውቁት ይህችን ብቻ ነው ይባላል።

እኔ አሁን ኮንቴይነር እጭናለሁ። ዘንድሮ ውድድሩ ሊያልፍ ሲል መቂ ማዶ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሌሎቹ ሹፌሮች ክላክስ እያደረጉ ይራገማሉ። እኔ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አልሆነልኝም። ወርጄ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ መንገዱ ዳር ቆምኩ።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ብቻውን መጣ። ከኋላው ማንም አይታይም። እኔን ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ። በእጄ የያዝኩትን ኮፍያ አየ፤ ግራና ቀኝ በዓይኑ ቃሬዛ ፈለገ። ከዚያ ፍሬን ይዞ አንድ እግሩን ከፔዳሉ አወጣ።

"ሂድ!" ብዬ ጮህኩ። "ሂድ ወንድሜ፣ የሞተ ሰው የለም!"

እግሩን መልሶ ሄደ። እኔ ኮፍያዬን ለማድረግ ትንሽ ቆየሁ።