ከቀዩ አይሱዙ ኋላ የነበረው ግጥም

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሀያት ከወልድያ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እኔ ማንጎ እለያለሁ፤ የበሰለውን ለዛሬ፣ ጠንከር ያለውን ለነገ። እሷ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ብቻዋን ትስቃለች። ያሁን ልጆች ሲስቁ እንኳ አያካፍሉም።

«ምን አገኘሽ?» አልኳት።

«ባጃጅ ነው፣ እማ። ኋላው ላይ ግጥም ተጽፎበት አንዱ ፎቶ አንስቶ ለጠፈው። ሰዉ ከሥሩ አስተያየቱን እያዘነበው ነው።» ብላ አነበበችልኝ።

ኑሮዬ መንገድ ነው ስሄድ የሚመሽብኝ፣
ቤቴማ አንቺ ነሽ መርሳ ላይ ጠብቂኝ።

የያዝኩት ማንጎ እጄ ላይ ቀረ። ሀያት አላየችኝም፤ የሰዉን አስተያየት ማንበብ ቀጥላለች። አንዱ «ወይ የድሮ ፍቅር!» ብሏል። አንዷ የልብ ሥዕል ብቻ ደርድራለች። ሌላው «የቤት ኪራይ አቅቶት ነው እንጂ ቤቴ አንቺ ነሽ የሚላት በጤናው አይደለም» ይላል። በዚህስ እኔም ሳቅሁ።

«የማን ግጥም ይሆን?» አለች።

የማን እንደሆነማ አውቃለሁ። ባጃጅ የሚባል ነገር አገራችን ሳይገባ፣ ይህ ግጥም በአንድ ቀይ አይሱዙ ኋላ፣ በጭነቱ መዝጊያ ሳንቃ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፎ ነበር። የተጻፈውም ለእኔ ነው።

ያኔ ከተማችን መርሳ ማለት ብርቱካን ነበር። አባቴ እንድሪስ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ዳስ ነበራቸው፤ እኔ እሸጣለሁ፣ እሳቸው ግራና ከሚባለው አገር ከየአትክልቱ እየዞሩ ያመጣሉ። ከደሴ የሚወርደውም ከወልድያ የሚመጣውም መኪና ሳይቆም አያልፍም። የመንገዱ ዳርና ዳር ልጣጭ በልጣጭ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ከተማውን ያውደዋል። አሁን ዛፎቹ ደርቀው አልቀዋል። እኛም ወደ ማንጎ ዞርን፤ ምን ይደረግ።

ይማም ከቆቦ ሽንኩርትና ማሽላ ጭኖ ደሴ የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ንግግሩ ቁጥብ። ብርቱካን ሲገዛ አይመርጥም፤ «አንቺ ምረጪልኝ» ይላል። ስመርጥለት ደግሞ ዓይኑ ብርቱካኑ ላይ አይደለም። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አልጠላሁትም። እውነቱን ለመናገር የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ እለየው ነበር።

አንድ ቀን ወልድያ ያለ ቀለም ቀቢ ዘንድ ግጥሙን አጽፎ መጣ። ስሜ የለበትም፤ ከተማው ብቻ ነው ያለበት። ወላሂ፣ የመርሳ ኮረዳ ሁሉ ለኔ ነው ብላ ተኩነሰነሰች። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። አንዱ «ይሄ ከልቡ ነው» ይላል፣ ሌላው «ሹፌርና ልብ!» ይላል። የአማርኛ አስተማሪው ሳይቀር «ቤት ይመታል» ብሎ መሰከረለት። እኔ ብቻ ዝም አልኩ።

ግን በኛ አገር ለግጥም መልስ አለመስጠት ንቀት ነው። እኔ ደግሞ ቀለም የለኝ፣ መኪና የለኝ። ስለዚህ ለሱ የምመርጥለትን ብርቱካን ቅጠሉን አልነቅልለትም ነበር። ለሌላው ገዢ ቅጠሉ ተነቅሎ፣ ለሱ ከነቅጠሉ። መጀመሪያ ቀን ግራ ገብቶት አየው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ቅጠሉ ከመሪው ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ ተሰክቷል። በቃ፣ ገብቶታል።

ችግሩ መልስ የሚሰጥ ሌላም ሰው መኖሩ ነው። አንድ ተረበኛ ሹፌር፣ የይማም የራሱ ጓደኛ፣ በገዛ መኪናው ኋላ እንዲህ አስጻፈ፦

አትጠብቂው እህቴ ሹፌር ቤት የለውም፣
ሚስት በየኬላው መቼም አይጎድለውም።

የሚያስቅ ነገር እግር አለው። ሳምንት ሳይሞላው ሕፃን አዋቂው ይለው ጀመር። የይማምን ግጥም የሚያስታውስ ቢጠፋ እንኳ ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ይማም ሽማግሌ ላከ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ እንዲህ አሉ፦ «ልጁን አልጠላሁትም። ግን ሚስት በየኬላው አለው ተብሎ መኪና ላይ ተጽፏል፤ አገር ያወቀው ነው። ልጄን ለኬላ አልሰጥም።»

«እሱማ የጓደኛው ቀልድ ነው፣ እንድሪስ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«የእሱስ የራሱ ጽሑፍ ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

አባቴ ቁርኣን ይቀራሉ፣ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቁም። ሽማግሌዎቹ ግጥሙን በቃላቸው ያውቁታል፤ ነገር ግን ስለ አንድ ልጃገረድ የተገጠመ የፍቅር ግጥም በአባቷ ፊት ማን ደፍሮ ይለዋል? ነውር ነው። ተረቡን ለመናገር የሚያፍር አልነበረም፤ ፍቅሩን ለመናገር ሁሉም አፈረ። አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ያው… የመንገድ ነገር ነው» አሉ። አባቴም የባሰ መሰላቸው።

«እንግዲያው ያንን የራሱን ጽሑፍ አጥፍቶ ይምጣ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ጊዜ እንነጋገራለን።»

እምቢ አላሉም። ይህን ሰምቼ ጓዳ ውስጥ እንባዬ መጣ፤ የደስታ ነው።

ይማም በማግስቱ ጭነቱን ይዞ ወደ ደሴ ሲያልፍ ዳሱ ጋ ቆመ። «ስመለስ ቀጥታ ወልድያ ወስጄ አስጠፋዋለሁ» አለኝ። «አንቺ ግን በቃልሽ ያዢው።»

«አገር በቃሉ ይዞት እኔ ላላውቀው?» አልኩት። ብርቱካኑን ከነቅጠሉ ሰጠሁት። ሄደ።

ነሐሴ ነበር። የውጫሌ ቁልቁለት በነሐሴ ጭጋግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲመለስ ፍሬኑ እምቢ አለው። ወሬውን ያመጣልን ያው ተረበኛው ሹፌር ነው። መኪናውን አቁሞ ወረደና ባርኔጣውን አውልቆ ፊቴ ቆመ። እኔም ሳይነግረኝ ገባኝ። እሱ ኋላ ላይ መልሱን በጥቁር ቀለም ደፈነው፤ ግን ሰው አፍ ላይ ያለውን በምን ይደፍነዋል?

ሰው ለሞተም አስተያየት አያጣም። «ስሄድ የሚመሽብኝ ብሎ ራሱ ላይ አሟረተ» አሉ። «ልጅቱ ገደ ቢስ ናት» ያሉም ነበሩ። እየሰማሁ ብርቱካን ሸጥኩ።

አባቴ ለቀብር ሄደው ሲመለሱ፣ መኪናው የወደቀበት ቦታ ወርደው ያንን ሳንቃ በሰው መኪና አስጭነው መጡ። አንዱ ጫፉ ተሰብሯል፣ ጽሑፉ ግን ደህና ነው። ግድግዳው ላይ አስደገፉትና ጠሩኝ።

«ዘይነብ፣ አንብቢልኝ።»

«አባ፣ ይቅርብዎ።»

«አንብቢ አልኩሽ።»

አነበብኩ። «ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምኩት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፣ አባ።»

ፊደሉን በእጃቸው ዳሰሱት። ከዚያ «ይኸማ… ልጄን ቤቴ ነው ያላት። ይኸ ምን ነውር ኖሮት ነው አጥፋ ያልኩት?» ብለው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አላህ ይዘንላቸው።

ኋላ አገባሁ፤ ደግ ሰው ነበር፣ እሱንም አፈር በላው። ወለድኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ሳንቃውን አባቴ ራሳቸው ዳሱ ላይ እንደ መደብ መቱት፤ ፀሐዩና ዝናቡ ፊደሉን በላው። እስከ ዛሬ የምሸጠው እሱ ላይ ነው።

«እማ፣ አንዷ ደግሞ ‹ጠበቀችው ይሆን?› ብላ ጠይቃለች» አለች ሀያት። «ከሁሉ የተወደደው አስተያየት ግን ይሄ ነው» ብላ እየሳቀች አነበበችልኝ። ሚስት በየኬላው። ከነቃሉ፣ ፊደል ሳይጎድል። ግጥሙ የተሻገረውን ዘመን መልሱም አብሮት ተሻግሮታል።

ማንጎዎቹን ከሳንቃው ላይ አነሳሁና የቀረችውን የነጭ ቀለም ጭረት አሳየኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ።

«ለጠየቀችው ልጅ ምን ብዬ ልመልስላት?» አለችኝ በኋላ።

«እዚያው መርሳ ናት በያት።»

ጻፈችው። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ከሥሩ የሳቅ ሥዕል ደረደረበት። ሀያት ተናደደች፤ እኔ አልፈረድኩበትም። ግጥሙን ሳይሰሙ መልሱን የሰሙ አባቴም ነበሩ።