የሚስ አርዴሊያ አርባ ሁለት መጻሕፍት

በአላባማዋ ቤተል ክሪክ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ለሞተ ሰው አበባ መላክ የቀረው በአርዴሊያ ስቶቫል ምክንያት ነው። «አበባ በሦስተኛው ቀን ይጠወልጋል፤ በእሱ ፋንታ መጽሐፍ ግዙ» ትላለች። ከዚያ ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የሟቹን ስም፣ የተወለደበትንና የሞተበትን ዓመት፣ የገዙለትንም ሰዎች ስም በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፏ ትጽፍበታለች። የመቃብር ድንጋይ ለማስቀረጽ አቅም ያልነበረው ሰው ስሙ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ መጻሕፍት ከተባለ፣ ከቀብር አስፈጻሚው ከሉሺየስ ቢመን ቤት ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከተማው ለእኛ የሚሰጠን ትልቁ የነጮች ቤተ መጻሕፍት አንቅሮ የተፋቸውን ገጸ ጎደሎ መጻሕፍት ነበር። ማን ማንን እንዳገባ ሳያውቁ ያደጉ የሰፈሩ ልጆች ብዙ ናቸው፤ የልብ ወለዱ መጨረሻ ሁልጊዜ የተቀደደ ነበርና። ሙሉ የሆነውን ሁሉ ያመጡት ሙታን ናቸው፤ ሙታን ያልደረሱበትን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ አሣ ጠብሰው እየሸጡ ሞሉት።

አርዴሊያ ደግሞ ጸሐፊ ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ በሚወጣው የሰፈራችን ጋዜጣ ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ መጻሕፍት ጽፋለች። ምላሷ ስለት ነው፤ ያልወደደችውን መጽሐፍ በሁለት መስመር ታሰናብተዋለች። የወደደችውን ግን እንደ ልጇ ትቆጣለታለች። ከሁሉም የምትወደው ከባርነት ያመለጡ ሰዎች በገዛ አፋቸው የተናገሩበትን ታሪክ ነበር። «በሌላ ሰው አፍ ያወቅነው ራሳችንን አይደለም» ትል ነበር።

ጥቁርና ነጭን መለያየት የሚከለክለው ሕግ ወጥቶ «ለነጮች ብቻ» የሚለው ሰሌዳ ከየበሩ በተነቀለ በሁለተኛው ዓመት ከተማው አንድ ነገር አስታወቀ። ትንሿ ክፍል ተዘግታ መጻሕፍቱም አርዴሊያም ወደ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ይዛወራሉ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው አለቀሰ፣ ዘመረ። ሉሺየስ ቢመን ብቻ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጥቶ መጻሕፍት በካርቶን የምታሽገውን አርዴሊያን ቆሞ አያት።

«ጎደሎዎቹን ስጫቸው፣ የራሳቸው ናቸው» አላት። «የሙታኑን ግን እኔ ጋ ተያቸው። የሬሳ ሣጥን የማስቀምጥበት ክፍል ደረቅ ነው።»

«ልጆቻችን በፊት ለፊት በር ገብተው የሚያነቡትን ሣጥን መሃል ልደብቀው?»

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ አርዴሊያ።»

«አንተ ደግሞ ቀብረህ ቀብረህ፣ የምታየው ሁሉ የሚቀበር ይመስልሃል።»

ሉሺየስ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኢሞጂንን እንኳ ተይልኝ» አለ። ኢሞጂን የሞተችበት ሚስቱ ናት፤ በስሟ የገዛው መጽሐፍ በሌሊት ከጥጥ እርሻ ስላመለጡ ሴቶች የሚናገረው ነበር።

«የኢሞጂን እዚህ ተደብቆ አይቀርም» አለችው። «ከሁሉም ፊት ነው የሚቀመጠው።»

በዚያው ሳምንት በጋዜጣው ላይ ከጻፈችው ሁሉ የበለጠውን ጻፈች። ስለ ዘር፣ ስለ ታሪክና ስለ ሥነ ጽሑፍ ከምንም በላይ የምትወዳቸውን አርባ ሁለት መጻሕፍት በተራ ቁጥር ዘርዝራ፣ ለምን እንደምትወዳቸው ከየስማቸው ሥር አስቀመጠች። «በትልቁ በር ስትገቡ መጀመሪያ እነዚህን ጠይቁ» አለች። ፓስተሩ እሑድ ከመድረኩ ላይ አነበበው፤ ሰዉም ጋዜጣውን እየቆረጠ በየኪሱ ከተተ።

መጻሕፍቱ በጭነት መኪና ሄዱ። አርዴሊያ ምድር ቤት፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣ ጠረጴዛና ሙጫ ተሰጥቷት የተገነጠለ ሽፋን እንድትለጥፍ ተደረገ። እሺ አለች። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን የሰፈሩ መምህር ኮርኔል ሃይታወር እስከ ምድር ቤቱ ወርዶ መጣ።

«ሚስ አርዴሊያ፣ ከዝርዝርዎ ዘጠኙን ጠየቅሁ። ዘጠኙንም የለም አሉኝ» አላት።

በምሳ ሰዓት ወጥታ መደርደሪያውን አንድ በአንድ አየች። እነዚያ ገጸ ጎደሎዎች፣ ይኸው ቤት አንድ ጊዜ የጣላቸው፣ ተመልሰው በክብር ተደርድረዋል። ከአርባ ሁለቱ አንድም የለም። ወደ ኃላፊዋ ወደ ሚስስ ላንግሊ ቢሮ ገባች። ሚስስ ላንግሊ በዕድሜ ልጇ ትሆናለች።

«ነይ ግቢ አርዴሊያ» አለቻት ፈገግ ብላ።

«ሚስስ ላንግሊ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰዎች የሚጠይቋቸው መጻሕፍት አልተገኙም።»

«እሱን ልነግርሽ አስቤ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ ለከተማው ሰላም ሲል እንዲወገዱ ወስኗል። የሰው ቁስል ገና አልደረቀም፤ እንዲህ ያለ ነገር መደርደሪያ ላይ ቢታይ ለእናንተም አይበጅም።» መሳቢያዋን ስባ ከጋዜጣ የተቆረጠ ገጽ አወጣች። ከአንድ እስከ አርባ ሁለት በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ የእርሳስ ምልክት ተደርጎበታል። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ትልቅ ሥራ አቃለልሽልን። ሁለት ሺህ መጽሐፍ ማን አንብቦ ይለየው ነበር? አንቺ ምክንያቱን ሳይቀር ጻፍሽልን።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ባለፈው ማክሰኞ የቆሻሻ መኪና ወሰዳቸው። ግን ቤተሰቦቹ እንዳያዝኑ ብዬ፣ ስም ያለበትን ገጽ እኔው ራሴ በመቀስ ቆርጬ አስቀርቼልሻለሁ።» ወፈር ያለ ፖስታ ዘረጋችላት።

ሴትዮዋ ደግ ሥራ የሠራች መስሏታል፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። አርዴሊያ ፖስታውን ተቀበለችና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ሃምሳ ዓመት የለመደው አፏ ነው ያለው፤ እሷ አይደለችም። ቢሆንም ለራሷ ያቺን ቃል ይቅር ሳትል ኖረች።

ቅዳሜ ፖስታውን ይዛ እንደ መርዶ ነጋሪ ከቤት ቤት ዞረች። በር ታንኳኳለች፣ የተቆረጠውን ገጽ ትሰጣለች፣ የሆነውን ትናገራለች። አንዳንዱ አለቀሰ፤ አንዳንዱ «አንቺ ምን ታደርጊ» አላት። ይህን ያሏት ሰዎች ዓይኗን አላዩትም። ሉሺየስን ወደ መጨረሻ ያደረገችው ፈርታው ነው።

የሬሳ መኪናውን ሲወለውል አገኘችው። እጁን በጨርቁ ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበለና የኢሞጂንን ስም ረጅም ጊዜ አየው። በመቀስ የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ዝርዝሩ ላይ ስንተኛ ነበር?» አላት። እሱ ጋዜጣውን አላነበበም፣ እሑድ ሲነበብም ቤተ ክርስቲያን አልነበረም።

«አንደኛ።»

«ምን ብለሽ?»

«‹ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን እንዳትረሱ› ብዬ።»

ሉሺየስ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን በሁለት አጥፎ መልሶ እጇ ላይ አኖረው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስሠራ አንድ ሰው ሁለቴ ቀብሬ አላውቅም» አለ። «ይኼኛውን ቀብር አንቺ ነሽ ያስፈጸምሽው። ወረቀቱም ካንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ከዚያ ጨርቁን አንስቶ ወደ መኪናው ዞረ። አርዴሊያ ወረቀቱን ወደ ፖስታው መልሳ ሄደች።

ያን ሐሙስ ጋዜጣው ያለ እሷ ጽሑፍ ወጣ። ጡረታ እስክትወጣ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ምድር ቤት ሽፋን ስትለጥፍ፣ ምን ላንብብ ብሎ የጠየቃት ብዙ ሰው ነበር፤ የምትወደውን መጽሐፍ ስም ግን ለማንም አልተናገረችም።