አራት ፊደል ለመቆጠብ

ስልኬ ባልዲ ውስጥ የገባው ረቡዕ ጠዋት፣ የክሊኒኩን ወለል ስወለውል ነው። አማን ውስጥ ኡም ኡዘይና የሚባል ሰፈር የምሠራላት ማዳም የጥርስ ሐኪም ናት። ቤቷ ከላይ፣ ክሊኒኳ ምድር ላይ ነው፤ ሁለቱንም የማጸዳው እኔ ነኝ። ጎንበስ ስል ከኪሴ ሾልኮ ወረደ። አውጥቼ አራገፍኩት፣ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት፤ አልነቃም።

ሌላ ሳምንት ቢሆን ያን ያህል አልጨነቅም ነበር። ያን ሳምንት ግን እታለም ወደ አገር ልትገባ ነው። እታለም የምላት ኡም ሱማቅ የሚባለው ሰፈር የምትሠራ የኮምቦልቻ ሴት ናት፤ አሥር ዓመት ትበልጠኛለች፣ አረብኛ ያስያዘችኝም እሷ ናት። ኮምቦልቻ የእናቴ ቤት ከእነሱ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። አርብ ጀበል አል-ወይብደህ ሰፈር፣ ጓደኞቻችን በተከራዩት ቤት ልንሰናበት ተቀጣጥረናል። ቅዳሜ ትበራለች፣ እሑድ እናቴ ደጅ ትደርሳለች።

እታለም ያላት አሮጌ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ኢንተርኔት የለውም። ማዳሟ ሥራ ላይ ስልክ ስለማትወድ ድምፁን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ትተወዋለች፤ የምታየው ለዐስር ሶላት ስትነሳ ነው። ቁጥሯ የግጥም ደብተሬ ጀርባ ላይ ነበርና ከክሊኒኩ ደወልኩ። አላነሳችም።

«በኢሜይል ጻፊላት» አለችኝ የክሊኒኩ ጸሐፊ፤ ከማዳም ቀጥሎ የምታዘኝ እሷ ናት፣ እዚያ ቤት የማትቆጣኝ ብቸኛ ሰውም እሷ። ለታካሚዎች ቀጠሮ የምታስታውሰው እንደዚያ ነው። በተቀባዩ ቦታ የሰውየው ስልክ ቁጥር ይገባል፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ የአገልግሎቱ አድራሻ፤ ከዚያ ኢሜይሉ አጭር መልእክት ሆኖ ስልኩ ላይ ይወርዳል። መልስ ግን አይመጣም። «ከመቶ ስልሳ ፊደል ካለፈ ይቆረጣል» ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

የእኛ ፊደል እታለም ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን እየሆነ ስለሚወጣ በላቲን ፊደል መጻፍ ነበረብኝ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ በጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ ስሞክር ነው የለመድኩት። ስለዚህ መቶ ስልሳ ፊደል ስትለኝ እንደ ማስጠንቀቂያ አልሰማኋትም፤ እንደ ስንኝ ልክ ነው የሰማኋት። አሳምሬ ጀመርኩ። መጀመሪያ «ጠፋሁብሽ» ብዬ ነበር፤ ስቆጥረው «ብሽ» በላቲን አራት ፊደል ይበላል። አራት ፊደል ለመቆጠብ ቆረጥኩት። ላክሁና ደስ ብሎኝ ወደ መወልወያዬ ተመለስኩ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጸሐፊዋ አገልግሎቱ የላከላትን፣ የደረሰውን መልእክት ቅጂ አሳየችኝ። እንዲህ ይል ነበር፦

«እታለም፣ ጠፋሁ። በድንገት ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ ብትደውዪ አታገኚኝም። አትፈልጊኝ፣ አታልቅሺ። ድምፄን የነጠቀኝ ደግሞ»

የክሊኒኩ አድራሻም ከመቶ ስልሳው ውስጥ ተቆጥሮ ኖሮ እዚያ ላይ ተቆርጧል። «የመወልወያ ባልዲ ነው፣ አርብ እንገናኝ» የሚለው የለም።

«ጠፋሁብሽ» ማለት ድምፄን አላሰማሁሽም፣ ይቅር በዪኝ ማለት ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ እንባባለዋለን። «ጠፋሁ» ግን አማን ውስጥ ላለን ሴቶች አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ከአሠሪዬ ቤት ኮበለልኩ፣ ከእንግዲህ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፣ ፖሊስ ካገኘኝ ያስረኛል። እታለም ይህን ይዛ እናቴ ደጅ ልትደርስ ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ለእናቴ ደውዬ እንዳላስተባብል አዲሱ ቁጥሯ ስልኬ ውስጥ ሰጥሟል።

ዐስር ሊደርስ ነበር። ጸሐፊዋን ለምኜ ተቀመጥኩ፤ እጄ ውሃ እንደነካ ነው። «አልጠፋሁም። ስልኬ ውሃ ገባበት። ማዳም ቤት ነኝ። አርብ እመጣለሁ።» ከሥሩ የክሊኒኩን ቁጥር። ምንም አላሳመርኩም።

የመጠበቂያ ክፍሉን ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊዋ አንስታ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንዲት ሴት፣ ሐበሻዋ ‹ሃርባኔ› ናት ወይ እያለችኝ ነው። ኮብልለሻል?»

«እየወለወልኩ ነው» አልኳት። እጀታውን ሰጠችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የት ነሽ?» እታለም ናት።

«ክሊኒኩ። የትም አልሄድኩም፣ ጽፌልሽ የለም?»

«ሁለተኛውን ማን ጻፈልሽ? የአንቺ አይመስልም፣ ሲያነቡት ይገባል። አስገድደው ያጻፉሽ መስሎኝ ነው የደወልኩት።»

«እኔው ነኝ፣ እታለም።»

«እና ማነው የነጠቀሽ? ‹የነጠቀኝ ደግሞ› ብሎ ዝም ይላል።»

«ባልዲ ነው።»

«ባልዲ?»

«የመወልወያ ባልዲ። ስልኬ ገባበት።»

«እኔ እኮ ያን እናንተ ሰፈር በመኪና ጋዝ እያዞረ የሚሸጠውን ሰውዬ አስኮበለላት ብዬ ጠርጥሬ ከትናንት ጀምሮ ስሰድበው ነው የዋልኩት። እኛም ሰፈር ሙዚቃውን እያስጮኸ ሲያልፍ በመስኮት ገላመጥኩት።»

መሳቅ አልቻልኩም። «ለእናቴ ነገርሻት?»

«ትናንት ደወለችልኝ። ‹ልጄ ደህና ናት?› አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ደህና ናት፣ እንዲያውም ወፍራለች አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? ሶላቴን ሳልሰግድ ዋሸሁ በአንቺ የተነሳ።»

የታካሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። «አልዋሸሽም» አልኳት። «ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁም።»

«አርብ አያለሁ» ብላ ዘጋችው።

አርብ ወይብደህ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከመሳሟ በፊት ክንዴን ጨብጣ መወፈሬን አረጋገጠች። ከዚያ የመጀመሪያውን መልእክት ለተሰበሰቡት ሁሉ ጮክ ብላ አነበበችላቸውና «ገጣሚዋ ናት» አለች። እኔ አቀርቅሬ ምንጣፉ ላይ የወደቀ የለውዝ ልጣጭ ለቀምኩ። ስንለያይ መልእክቱን ዐይኔ እያየ አጠፋችው፤ ሁለተኛውን አስቀረችው።

እሑድ ከሰዓት የክሊኒኩ ስልክ ጮኸ። ጸሐፊዋ «ለሃርባኔዋ ነው» ብላ እጀታውን ዘረጋችልኝ። እናቴ ነበረች፣ ከእታለም ስልክ። ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ፣

«ምነው ልጄ» አለች፣ «ጠፋሽብኝ እኮ።»

«ብኝ»ዋን ሰማኋት፤ እቦታዋ ነበረች። «ጠፋሁብሽ፣ እማ» አልኳት፣ አንድም ፊደል ሳልቆጥብ።