ናፍታ ያልቀመሰው ወፍጮ

ሌታ ወፍጮ ለመሥራት የማለው፣ ሚስቱ ኡርጌ በሆዷ የያዘችውን ባጣች ሰሞን ነው። ከወንጪ በታች ካለው መንደራቸው ገብስ ተሸክማ አምቦ ወርዳ፣ ዱቄት ተሸክማ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ልጅ የሚባል አልመጣም። ሌታ በባኮ ከተማ ለዓመታት ትራክተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነውና ብረት ያውቃል። የመንደሩን ወንዝ በቦይ ጠልፎ፣ መዘውሩን ራሱ ቀጥቅጦ፣ በ1969 ዓ.ም. ድንጋዩን አስጮኸው። ከአሮጌ ካሚዮን ባወለቀው ዲናሞም አንዲት አምፖል አበራ። የወፍጮ ቤቱ ሕግ አንድ ነበር፦ የአራስ ቤት እህል ተራ አይጠብቅም። ምክንያቱን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም አያነሳውም።

በሁለተኛው ዓመት «ፈቃድ የሌለው ወፍጮ ይታሸጋል» የሚል ትእዛዝ መጣ። ሌታ አምቦ ወርዶ ደጅ ሲጠና አራት ወር አለፈው። አንዱ ቢሮ «ውሃ ከሆነ የመስኖ ጉዳይ ነው» ይለዋል፤ የመስኖው ሰው «ወፍጮ ከሆነ የኢንዱስትሪ ነው» ይላል፤ የኢንዱስትሪው ደግሞ አምፖሏን ሲሰማ «የመብራት ነው» ብሎ ይሸኘዋል። አገሩ ሁሉ ውሃ፣ ስለ ውሃ የሚናገር አንድ ብጣሽ ወረቀት ግን የለም!

በመጨረሻ ፈቃድ ክፍል የሚሠራ ደሊል የሚባል ጸሐፊ፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ አዘነለትና ቅጹን አሳየው። «የሚጠቀሙበት ነዳጅ» ከሚለው ሥር ሦስት ነገር ተጽፏል፦ ናፍታ፣ ቤንዚን፣ ማገዶ።

«ኦቦ ሌታ፣ ውሃ የሚል ቦታ የለም።»

«ታዲያ በጎን ጻፍልኝ፣ ማሎ» ሲል ለመነው።

«በጎን ከተጻፈ መመሪያ እስኪወጣ ይቆይ ተብሎ ይመለሳል። መመሪያው መቼ እንደሚወጣ እኔም አላውቅ። ናፍታ ይበሉና ይለፍ፤ ማን መጥቶ ያያል?»

ሌታ አመነታ። ኡርጌ ያንን ዳገት እንደገና ተሸክማ ስትወጣ ታየችውና ፈረመ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ብዙም ሳይቆይ ነዳጅ በራሽን ሆነ። ናፍታ የሚል ፈቃድ ላለው ወፍጮ ሁሉ በየወሩ አንድ በርሜል ይመደብለት ጀመር። ለሌታ ማን ይነግረዋል? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ከጽሕፈት ቤቱ አንዱ በስሙ እየፈረመ በርሜሉን አውጥቶ ይቸበችበው ነበር። በ1974 ተቆጣጣሪዎች መንደሩ ድረስ መጡ።

«ሞተሩ የታለ?»

«ሞተር የለኝም ጓድ። የምፈጨው በውሃ ነው።»

«የአሥራ ስምንት ወር ናፍታ ታዲያ የት ገባ?»

ሌታ ሳቀ። ምን ያድርግ! መሳቁም ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ደሊል ለምስክርነት ተጠርቶ ወለል ወለሉን እያየ «የፈረሙት እሳቸው ናቸው» አለ። አልዋሸም፤ ፈሪ ግን ነበር። ሌታ በኢኮኖሚ አሻጥር ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ቦዩ ተደፈነ፤ በመዘውሩ ቦታ የገበሬ ማኅበሩ የናፍታ ሞተር ተተከለ። ሰባት ወር ሠርቶ ናፍታ ሲጠፋ ቆመ። ሴቶቹ ወደ ዳገታቸው ተመለሱ። ኡርጌም በአንድ እጇ የባሏን ስንቅ አንጠልጥላ፣ በጀርባዋ እህል አዝላ አምቦ ትወርድ ነበር።

ሌታ ከተፈታ ከአራት ዓመት በኋላ ሁለት ወጣት ባለሙያዎች ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጡ። አገሩ ስለ ውሃ ኃይል አሁን ገና ማሰቡ ነው። ድሮ የውሃ ወፍጮ የነበረበት መንደር ቅድሚያ አግኝቶ አዲስ ይተከልለታል አሉ። ሌታን ከዛገው ሞተር አጠገብ ተቀምጦ አገኙት፤ ወንዙ ከኋላው ይጮሃል። ከሁለቱ አንዷ፣ ልጅቱ፣ ቅጹን ዘረጋች። «የኃይል ምንጭ» ከሚለው ሥር የመጀመሪያው መስመር «ውሃ» ይላል።

«አባባ፣ እዚህ ወፍጮ ነበር አሉ። በምን ነበር የሚሠራው?»

ሌታ ቅጹን አየ።

«ንገራቸው እንጂ!» አለችው ኡርጌ፣ ከጀርባዋ እህሏን ሳታወርድ።

«በናፍታ» አለ ሌታ። «ፈርሜበታለሁ፤ ታስሬበታለሁ።»