ኮባው ላይ ሳይደርቁ የቀሩት ጠብታዎች

ዛሬ ጠዋት ዱራሜ ከምሠራበት ቢሮ መስኮት ሥር አንዲት ባጃጅ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ልትነሳ ስትል ዝም አለች። ሹፌሩ ደገመ። ደግማ ዝም አለች። ትንሽ ቆይቶ የቤንዚን ሽታ በመስኮቱ ገባ፤ እኔም ሳላስበው የገዛ ጣቶቼን አሸተትኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ አይታኝ ሳቀች። ለእሷ ምንም አላልኳትም። ለአንቺ ለጓደኛዬ ግን ልንገርሽ።

ያን ክረምት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ሆሳዕና ቤታችን ውጤት እጠብቅ ነበር። አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኝ ነበር፤ የጀመርኩትን መጽሐፍ አልጨርስም፣ ያጠብኩትን ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። አባታችን ከሞተ ዓመት አልሞላውም። እሱ ይነዳት የነበረችውን ባጃጅ ታላቅ እህቴ መንዳት ጀምራ ነበር። እኔ አንዳንዴ ከኋላ ተቀምጬ አብሬያት እዞር ነበር።

ባጃጅ ተራው ላይ እንደ እሷ ያለ ሴት ሹፌር አልነበረም። አንድ ቀን ሞተሩ እምቢ ብሏት ስትታገል አንዱ ከወረፋው ጮኸ፤ «ይቺ ባጃጅ ናት ወጥ? በጣም አማሰልሻት እኮ!»

እህቴ አንገቷን እንኳ አላዞረችም። «ወጥማ ብትሆን አንተ እጅህን ታጥበህ ቀድመህ ትቀርብ ነበር።»

ሹፌሮቹ ሁሉ በእሱ ሳቁበት። እኔ ግን ሻሼን ወደ ፊቴ ስቤ ወንበሩ ላይ ተሸማቅቄ ነበር። እሷ የምትመልሰውን መልስ እኔ የማገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ባጃጇ እንድትሸጥ ይፈልግ ነበር። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እህቴ እሱን አሳፍራ ስትመጣ፣ ሰው ሁሉ ከመስጊድ እየወጣ ሳለ መንገዱ መሐል ቆመችባት። አጎቴ ወርዶ ጋቢውን አስተካክሎ በእግሩ ሄደ። እኛ ቤት የሚነገረው ሀዲይኛ ነው፤ አጎቴ ግን ነገር ሊቆርጥ ሲል ወደ አማርኛ ይዞራል። በማግስቱ በረንዳችን ላይ ቆሞ በአማርኛ ተናገረ።

«ለፎንቆ ገበያ አንቺ ትወስጂኛለሽ። ሳትቆም ካደረሰችኝ እናያለን። መንገድ ላይ ከቆመች ግን አበቃ።»

«እሺ፣ አጎቴ» አለች እህቴ። እሱ ከበሩ እንደወጣ ክንዴን ጨብጣ፣ «እናያለን ካለ ይተውልኛል ማለት ነው» አለችኝ። እኔም አመንኳት።

ጋራዥ መውሰድ አይታሰብም ነበር። ጋራዥ ከገባች ወሬው ከእኛ ቀድሞ አጎቴ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ በገበያው ዋዜማ፣ ገና በጠዋቱ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ሥር ገፍተን አስገባናት። እህቴ አባታችን ያደርግ እንደነበረው አንድ ሰፊ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ ቆርጣ መሬት ላይ አነጠፈች። የሚፈታው ሁሉ በተፈታበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ኮባው ላይ ይደረደራል፤ ሲገጠም ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ይነሳል። የእኔ ሥራ ተራውን መጠበቅ ነበር። እናታችን ዶሮዎቹ ብሎን እንዳይለቅሙ በቀጭን እንጨት እያባረረች፣ «እናንተ እንዲህ ብረት ስትፈቱ ዋሉ፤ ማን እንደሚያገባችሁ አያለሁ» ትለን ነበር። ከአጠገባችን ግን አልሄደችም።

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታን፤ ጠቁሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አውርደን አጠብነው፤ ቀዳዳዎቹን ተራ በተራ በአፋችን ነፋን። ቤንዚኑ ከንፈሬን አቃጠለኝ። ሁሉን መልሰን ገጠምን፣ እህቴ አስነሳቻት፣ ደስ የሚል ድምፅ አወጣች። ተሳሳቅን። የግቢው በር ጋ ሳትደርስ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።

እንደገና ፈታን። እንደገና ገጠምን። እንደገና ቆመች። ሰማዩ ከበደ፤ ዝናቡ ሊመጣ ነው። እኔ አጎቴ ድንገት ይመጣ እንደሆነ ብዬ ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፤ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም። እህቴ ቅባት በነካው እጇ ግንባሯን ይዛ ተቀመጠች።

«እሷ ምንም አልሆነችም» አለች። «እኔ ነኝ የማበላሻት። እጄ ነው።»

ይህን ስነግርሽ፣ እዚህ ዱራሜ ከመስኮቴ ሥር ያለው ሹፌር አሁንም እየታገለ ነው። አንድ ሰው መጥቶ እየገፋለት ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ካርቡሬተሩን ስታወርድ፣ ሥሩ ያለችውን፣ ቤንዚን የሚጠራቀምባትን ትንሽ ጽዋ አቀበለችኝና «ድፊው» አለችኝ። ኮባው ጫፍ ላይ ደፋሁት። ቤንዚኑ ተንጣለለ፣ ወዲያው ደረቀ። ጥቂት ጠብታዎች ግን ቀሩ። ቅጠሉን ሳያርሱት እንደ ዶቃ ክብ ሆነው፣ ኮባውን ስነካው ወዲያና ወዲህ ይንከባለሉ ነበር። እስኪደርቁ ጠበቅሁ። አልደረቁም። ያሰብኩትን ለመናገር ደግሞ ፈራሁ።

«ይሄ አልደረቀም» አልኩ በመጨረሻ።

«ምኑ?»

በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው፣ ምላሷ ላይ አደረገችው። «ውሃ ነው!» አለች። ያን ሰሞን ማደያ ቤንዚን ጠፍቶ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ነበር የምትገዛው። «ውሃ ቀላቅሎ ነው የሸጠልኝ! አላህ ይይለት!» ከዚያ ትስቅ ጀመር፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «እጄ አይደለማ! ሰማሽ፣ እማ? እጄ አይደለም!»

ከታንከሩ ያለውን ሁሉ በጠርሙሶች ቀዳን፣ አጥሩ ሥር ደርድረን እስኪጠል ጠበቅን። ውሃው ወደ ታች ወርዶ፣ ቤንዚኑ ከላይ ቀርቶ፣ መሐላቸው መስመር ታየ። እሷ ከላይ ከላዩን ቀስ ብላ ወደ ታንከሩ መለሰች። የቀረውን አርቀን ደፋነው።

በማግስቱ አጎቴ ከኋላ፣ እኔ ከአጎቴ ጎን ሆነን ወደ ፎንቆ ሄድን። ሞተሩ ድምፁን በቀየረ ቁጥር የአጎቴን ፊት ሰርቄ አይ ነበር። ዳገቱን ወጣች። ጭቃውን አለፈች። ሳትቆም ገበያው ደረሰች። እህቴ ዞራ አየችን፤ ፊቷ እንደዚያ ቀን በርቶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ገበያው መግቢያ ላይ ጥላ የያዘ ሰው አጎቴን ይጠብቀው ነበር። ሰላም ተባባሉ። ሰውየው ባጃጇን ዞሮ አየ፤ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አዳመጠ።

«ጥሩ ድምፅ አላት» አለ።

«ከሆሳዕና እዚህ ድረስ አንዴም አልቆመችም» አለው አጎቴ።

ያኔ ገባኝ፤ ሰውየው ገዢ ነው። እህቴም ገባት። «እናያለን ብለውኝ ነበር፣ አጎቴ» አለች ቀስ ብላ።

«አየን እኮ» አለ። ከዚያ ፊቷን ሳያይ በሀዲይኛ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ወንድሜ አደራ የሰጠኝ እናንተን ነው። አደራ መንገድ ላይ አይቀመጥም» አላት።

ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እህቴ መልስ አታጣለትም ነበር። ቁልፉን በእጇ አልሰጠችም፤ ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች።

አጎቴ ለገበያው ቀረ፤ እኛ በሌላ ሰው ባጃጅ ተሳፍረን ተመለስን። ዝናቡ በሸራው ላይ ይወርዳል። ዳገቱ ላይ ሹፌሩ ማርሽ መቀየሩን አዘግይቶ ሞተሩ ማቃሰት ሲጀምር፣ የእህቴ ግራ እጅ ጉልበቷ ላይ ሲጨበጥ አየሁ። ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠውን ፍሪሲዮን መያዟ ነበር። ሹፌሩ ማርሹን ሲቀይር እጇ ተፈታ። በሚቀጥለው ዳገት እንደገና ተጨበጠ፤ ባዶውን።

እጄን ቀስ ብዬ መዳፏ ውስጥ አስገባሁ። አላየችኝም። ዳገት ላይ ጭብጥ ታደርገኛለች፣ ሜዳ ላይ ትለቀኛለች፤ ሆሳዕና እስክንገባ እንዲሁ ሄድን።